ስለ አውድማ ነፋስ፤ ማራገቢያ ይሻላል ወይስ የታመቀ አየር?

በዋግ ደጋ፥ በአምደወርቅና በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ገበሬ ገብሱን፥ ስንዴውንና ጤፉን በበሬ ካበራየ በኋላ ነፋስን ይጠብቃል። ነፋሱ ሲመጣ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ እብቁ ይሄዳል፥ ፍሬው ይወድቃል። ነፋስ የቀረ እንደ ሆነ ግን ምርቱ ሳይለይ በአውድማ ላይ ያድራል፤ ያልታሰበ ዝናብ ቢያገኘው የዓመቱ ድካም ባንድ ሌሊት ይበላሻል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት ነፋስ የሚሰጥ መኪና ለመግዛት ሲያስቡ የወረዳ ሹማምንትን ምክር መጠየቃቸው አይቀርም። ለዚህ ሥራ የሚቀርበው መኪና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማራገቢያ ነው፤ ክንፍ ያለውን መዘውር ሰው በእጁ ወይም ሞተር እያዞረው ብዙ አየር በለስላሳ ግፊት ይሰዳል። ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ነው፤ አየሩን በበርሜል ውስጥ አምቆ በጠባብ ቀዳዳ ጥቂቱን በብርቱ ኃይል ይለቃል።

በወጪ ረገድ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰርን ሲያዞር በ7 ባር ግፊት በደቂቃ 110 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። ይኸው ጉልበት ደኅና ማራገቢያ ቢያዞር ከ20 ሺህ ሊትር በላይ ያነፍሳል። አየር ሲታመቅ ስለሚግል፥ አብዛኛው የነዳጅ ዋጋ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ደግሞም እህል ከእብቅ የሚለየው በነፋሱ ብርታት ሳይሆን በክብደት ልዩነት ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሺህ የማሽላ ፍሬ ግን 25 ግራም ያህል ይመዝናል። ማሽላን የሚያጠራው ነፋስ ጤፉን ከእብቁ ጋራ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የሚገዛው ማራገቢያ የአየሩን መጠን የሚያሰፋና የሚያጠብ በር ያለው ሊሆን ይገባል። የቻይና ሰዎች ይህን ጥበብ ያወቁት ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በእጅ የሚዞር የእህል ማራገቢያ የሸክላ ምሳሌ በሐን ዘመን መቃብሮች ተገኝቷል።

ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፥ የማራገቢያው ግፊትም የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቈላ የተፈተነ መኪና በደጋ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መቀበል አይገባም።

ኮምፕሬሰር ግን ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የመውቂያ መኪናን ወንፊት ከተሰነቀረበት ፍሬ ለማጽዳት፥ ጎማም ለመንፋት ይጠቅማል። ነገር ግን የታመቀ አየር ዓይን ያጠፋል፥ ቍስል ባለበትም ወደ ሰውነት ይገባል፤ ስለዚህ በልብስና በገላ ላይ ያለውን አቧራ በእርሱ ማራገፍ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለማጽጃ የሚሆነው ግፊት ከ2 ባር ገደማ እንዳያልፍ ተወስኗል።

እንግዲህ ገንዘቡ ሳይከፈል በፊት መኪናው በዚያው ወረዳ፥ በዚያው ሰብል ይፈተን። የወጣው እብቅ በወንፊት ይነፋ፤ ፍሬ ከተገኘበት ነፋሱ ይቀነስ፥ በምርቱ ውስጥ እብቅ ከቀረም ይጨመር። በዚህም የማይስተካከል መኪና ለሻጩ ይመለስ፤ ከእብቅ ጋራ የሚበነው ፍሬ የገበሬው ቀለብና የከርሞ ዘሩ ነውና።