«አባል ነኝ ይል ነበር»፦ የማን «እኔ»?

ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። አንድ የሳን ሆዜ ነዋሪ ወጣት የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ነበረበትና አስተርጓሚ አስፈለገው። እንደሚታወቀው በዚህ አገር ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው እንግሊዝኛ የማይችል ከሆነ አስተርጓሚውን ይዞ የሚመጣው ራሱ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን አስተርጓሚውን የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው። ልጁ ለባለሙያ የሚከፍለው ስላልነበረው፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡና የሚያገናኘን ሰዎች «ጋሼ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ፍልስፍናም ያነባሉ» ብለው እኔን ጠቆሙት። ፍልስፍና ማንበብ ያን ቀን ምን ያህል እንደጠቀመን አሁን አጫውታችኋለሁ።

ጠያቂዋ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው። ልጁም «ታላቅ ወንድሜ የግንባሩ አባል ነኝ ይል ነበር» ሲል መለሰ። አስተርጓሚ ተናጋሪውን ሆኖ በ«እኔ» እንዲናገር የሙያው ደንብ ያዛል፤ «እሱ እንዲህ ይላል» እያሉ መሃል መግባት ነውር ነው። ስለዚህ እኔም ደንቡን አክብሬ፣ ቃል በቃል፣ የወንድምዬውን «ነኝ» ሳልነካ ወደ እንግሊዝኛ አሻገርኩት። እንግሊዝኛው ማዶ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። ጠያቂዋ የሰማችው ወንድምየው ስለዚህ ስለ ፊቷ ስለተቀመጠው ልጅ «የግንባሩ አባል ነው» ይል እንደነበር ነው።

እኔ ሳልነቃ ሁለት ሦስት ጥያቄ አለፈ። ከዚያ ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ፣ «ማመልከቻህ ላይ የማንም ድርጅት አባል ሆኜ አላውቅም ብለሃል። አሁን ደግሞ ወንድምህ አባል መሆንህን ይናገር ነበር ትላለህ። እውነቱ የቱ ነው?» አለችው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» አለ።

ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአመልካቹ ቃል ይታመናል ወይስ አይታመንም ተብሎ ሲመዘን ማንኛውም መጣረስ፣ የጉዳዩን እምብርት የማይነካ ቢሆንም እንኳ፣ ሊቆጠርበት እንደሚችል ይደነግጋል። የታጠቀ ድርጅት አባልነት ደግሞ ብቻውን ጥገኝነት የሚያስከለክልበት ሁኔታ አለ። አንዲት «ነኝ» ሁለቱንም በር አንኳኳች። ስህተቱ የእኔ የአስተርጓሚው መሆኑን ተናገርኩ፤ ጠያቂዋም ጻፈችው። ጉዳዩ ወደ ዳኛ ተላለፈ፣ ልጁም ወረቀቱን እስኪያገኝ ተጨማሪ አራት ዓመት ጠበቀ። የተላለፈበት ምክንያት በዚያች ቃል ይሁን በሌላ አልተነገረንም። እኔን ግን ያች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

እስቲ ለጊዜው ከቢሮው ወጥተን ወደ ስታንፎርድ እንሂድ፤ ከሳን ሆዜ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ ጆን ፔሪ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ታሪክ ያወራል። ሱፐር ማርኬት ገብቶ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ስኳር ያያል። ከረጢቱ የተቀደደበትን ሰው አግኝቶ «እያፈሰስክ ነው» ሊለው መስመሩን ተከትሎ መደርደሪያውን ይዞራል። በዞረ ቁጥር ስኳሩ ይበዛል፤ ሰውየው ግን አይገኝም። በመጨረሻ ነገሩ ይበራለታል፦ የሚያፈሰው እሱ ራሱ ኖሯል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይጀምራል። ከመጀመሪያውም «ከረጢቱ የተቀደደበት ሰው እያፈሰሰ ነው» ብሎ ያምን ነበር። ያ ሰው እሱ ነው። ታዲያ ስለ ራሱ ያምን የነበረው ያንኑ ነገር አይደለምን? ከሆነስ ቀድሞ ለምን ጋሪውን አላቆመም? ጋሪውን ያስቆመው «እኔ ነኝ» የሚለው እምነት ነው እንጂ ስለዚያ ሰው የነበረው እምነት አይደለም። ስሙን ቢተካበት፣ መልኩን ቢተካበት፣ «እኔ» የምትለዋን ቃል የሚተካ ሌላ ቃል አይገኝም።

እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በንግግር ውስጥ አይለይም። «ፔሪ እሱ እያፈሰሰ እንደሆነ ያምናል» ዓይነቱ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከመንቃቱ በፊትም ከነቃ በኋላም ይሠራል። ሄክቶር ኔሪ ካስታኔዳ የተባለው፣ ትውልዱ ከጓቲማላ የሆነ ፈላስፋ፣ በ1966 ይህን ችግር ሲያነሳ መላ ያጣለት እንግሊዝኛ «እሱ» የምትለው ቃል ላይ ኮከብ ምልክት ለጠፈባት። ኮከብ ያላት «እሱ» ራሱን «እኔ» ብሎ የሚያስብ ሰው ማለት እንድትሆን ነው።

አማርኛ ኮከብ አያስፈልገውም። ከመንቃቱ በፊት «ጆን ያ ሰው እያፈሰሰ ነው ብሎ ያስባል» እንላለን። ከነቃ በኋላ «ጆን እያፈሰስኩ ነው ብሎ ያስባል» እንላለን። ሳይነቃ ሁለተኛውን ብንናገር ሐሰት ተናገርን ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ስታንፎርድ መግባት አያሻም፤ አያቴም ታውቀው ነበር።

አሁን ነገሩ ወደሚጣፍጥበት ደረስን። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ካፕላን፣ በ1977 አሰናድቶት በ1989 በታተመው ታዋቂ ጽሑፉ፣ «እኔ» ምንጊዜም የሚያመለክተው ያን ሰዓት የሚናገረውን ሰው ነው ሲል ደነገገ። «እሱ አለ»፣ «እሱ ያምናል» ብለን ብንሸፍነው እንኳ «እኔ» ከተናጋሪው አይነቀልም፤ የሌላውን ቃል በቀጥታ ካልጠቀስን በስተቀር። «እኔ»ን ነቅሎ ለሌላ ሰው የሚሰጥ የቋንቋ መሣሪያ ቢኖር ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቃላችሁ? ጭራቅ። እንዲህ ያለ ጭራቅ በእንግሊዝኛ የለም አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ የትም የለም ብለው አሰፉት።

የሚገርመው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከ1955 ጀምሮ ሴማዊ ቋንቋዎችን ያስተማረው ቮልፍ ሌስላው መኖሩ ነው። የአማርኛን ሰዋስው ከሺህ ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ በ1995 ያሳተመልን እሱ ነው፤ በ2006 መቶ ዓመት ደፍኖ አረፈ። ጭራቁ የለም በተባለበት ግቢ፣ ጭራቁ በየቀኑ ለተማሪ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ ፈረንሳዊ እስኪመጣ ተጠበቀ። እሱ በ1999 በመመረቂያ ጽሑፉ፣ ከዚያም በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለጭራቆቹ ጥብቅና ቆመ። ዋና ምስክር አድርጎ ያቀረበውም የእኛኑ ተራ አነጋገር ነው፦ «ዮሐንስ ጀግና ነኝ ይላል»። እንግሊዝኛ ይህን ቃል በቃል ቢወስደው ጀግናው ተናጋሪው ይሆናል። በአማርኛ ጀግናው ዮሐንስ ነው። በ2004 ደግሞ ዛዛኪ በተባለው የቱርክ አገር ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ፕራናቭ አናንድ፣ ከሳን ሆዜ ተራራውን ተሻግሮ ሳንታ ክሩዝ ነው የሚያስተምረው።

«ይህማ ቀጥተኛ ጥቅስ ነው፤ ትእምርተ ጥቅስ ስላልተጻፈ ነው እንጂ» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ግን «ማንን አየሁ አለ?» የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። ያየው እሱ ነው፤ የምጠይቀው እኔ ነኝ። እሱ «ማንን አየሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። «ማንን» የእኔ፣ «አየሁ» የእሱ። በአንድ ጥቅስ ውስጥ ሁለት ሰው እንዴት ይገባል?

ከዚህ የበለጠው ማስረጃ ግን ያገኘኝ ያች «ነኝ» እንቅልፍ በነሳችኝ ሌሊት ነው። «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ» እንላለን። በጥሞና እዩት። «አልወስድ» ባዩ እንቅልፍ ነው፤ የእንቅልፍ «እኔ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ግን እኔው ነኝ፣ አልጋ ላይ የምገላበጠው። ቀጥተኛ ጥቅስ ቢሆን እንቅልፍ «አልወስድህም» ማለት ነበረበት። በአንዲት ግሥ ውስጥ ሁለት «እኔ» ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ የእንቅልፍ፣ አንዱ የእኔ። ደግሞስ እንቅልፍ መቼ ተናግሮ ያውቃል? በሩ አልከፈት ይላል፣ መኪናዋ አልነሳ ትላለች፣ ኑሮ አልቀመስ ይላል። ቃል ያልተነፈሰን ነገር በምን እንጠቅሰዋለን? ሽሌንከር «ኑሮ አልቀመስ አለ» የሚል ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ገጹ ባጠረለት ነበር።

ምስጢሩ ያለው «ማለት» በምትለው ግሥ ውስጥ ይመስለኛል። ለእኛ ማሰብም፣ ማመንም፣ መፍራትም፣ ማሰቡን ለሌላ ሰው መንገርም በ«ብሎ» በኩል ያልፋል። «ሊዘንብ ነው ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ» ስል ለማንም አልተናገርኩም። እምነት በአማርኛ ለራስ የተነገረ ቃል ነው። ጆርጅ ሙር የተባለው የካምብሪጅ ፈላስፋ «ዘንቧል፤ እኔ ግን ዘንቧል ብዬ አላምንም» ማለት፣ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ ሲችሉ፣ ስለምን እብደት እንደሚመስል ጠይቆ ብዙዎችን አስጨንቋል። አንድ ነገር መናገርና ያንኑ ማመን በአንድ ግሥ ለሚያድሩበት ሕዝብ እብደቱ የት ላይ እንዳለ ግልጽ ነው፦ «ብያለሁ፤ አላልኩምም» እንደማለት ነው። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ይመጣል ብዬ ነበር» ያለ ሰው፣ ሰውየው እንዳልመጣ ሳይነግረን ነግሮናል።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ክርክር ሲነሳ ሁላችንም ሮጠን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ እናነሳለን። ከዚያ ወዲያው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «የአንድ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ሥራ ነው» ያለው ይመጣና ማን ጻፈው በሚለው ላይ ተፋጠን ሳህኑ ይነሳል። ክርክሩ ዋጋ የለውም አልልም። ግን ማንም ሊከራከርበት የማይችል የፍልስፍና ቁም ነገር በአፋችን ይዘን «አማርኛ ለጥልቅ ሐሳብ አይመችም» የሚሉ ምሁራንን ዝም ብለን መስማታችን ይደንቀኛል።

ወደዚያ ቢሮ ልመለስ። አንዳንድ አጥኚዎች «ወንድሜ አባል ነኝ ይል ነበር» ሁለቱንም ትርጉም፣ ወንድምየውንም ተናጋሪውንም፣ ሊይዝ ይችላል ይላሉ። የእኔ ጆሮ ሁለተኛውን በግድ ነው የሚሰማው። ወንድምየው ልጁን አባል ነው ይል ከነበረ ልጁ «አባል ነው ይለኝ ነበር» ባለ። ይህም ቃል በቃል ቢተረጎም ስህተቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛው አባል የሚያደርገው ወንድምየውን ነው። ቃል በቃል የሚተረጉም አስተርጓሚ በሁለቱም መንገድ ገደል ይገባል። ማምለጫው «እንደ» ናት፦ «አባል እንደሆነ ይናገር ነበር» ሲባል ወንድምየው ነው፤ «አባል እንደሆንኩ ይናገር ነበር» ሲባል ልጁ ነው። በ«እንደ» ውስጥ «እኔ» ምንጊዜም የተናጋሪው ነው፤ ካፕላን ደስ ይለው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ማስተርጎም ስጠየቅ፣ ከመግባታችን በፊት ባለጉዳዩን የሌላ ሰው ቃል ሲያወራ በስም እንዲጠራ እነግረዋለሁ። ከረሳም ፈቃድ ጠይቄ «አባሉ ማን ነው?» እላለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ጠያቂዎችም አንዳንዴ ይሰለቻሉ።

ልጁን ባለፈው ዓመት ቴሌግራፍ ላይ አገኘሁት። አግብቶ ወልዷል። ቡና አዘዘልኝና እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ያኔ እኮ አባል ነኝ ብለው ሊያስበሉኝ ነበር» አለኝ። ቤቴ ስደርስ ዓረፍተ ነገሩን መረመርኩት። በአማርኛ ደንብ ከሄድን «ነኝ» የ«ብለው» ባለቤት ናት፣ ስለዚህ ከሦስታችን መካከል አባሉ እኔ ነበርኩ።