መድኃኒት የምንለው መርዝ

በአርባ ምንጭ አጠገብ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አንድ ተማሪ ከትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሲጠጣ አየሁ። በዕቃው ጎን ከተቀደደው ወረቀት በተረፈው ቍራጭ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ሥዕል ነበረበት። ዕቃውን ከእጁ ተቀብዬ ከወዴት እንዳመጣው ብጠይቀው፣ «መምህር፣ የቲማቲም መድኃኒት የነበረበት ነው፤ እናቴ ደኅና አድርጋ አጥባ ሰጠችኝ» አለኝ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ጕዳት አላገኘውም። ወደ ማታ እናቱን ባነጋግራት ግን እጅግ አዝና፣ «መድኃኒት ሲባል እየሰማሁ መርዝ ነው ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» ስትል መለሰችልኝ።

ይህች እናት የተናገረችው እውነት ነው። በቋንቋችን መድኃኒት ማለት ማዳኛ ማለት ነው። ሐኪም ለሕመምተኛ የሚያዝዘውን መድኃኒት እንላለን፤ ተባይ ለመግደል በእርሻ ላይ የሚረጨውንም እንዲሁ መድኃኒት እንላለን። ስሙ አንድ ሲሆን ሥራው ግን የተለያየ ነው፤ ያኛው ለማዳን፣ ይህኛው ለመግደል ተሠርቷል።

ስሙ በሕዝቡ ዘንድ እንዲህ መለመዱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአባያና በጫሞ ዳር የሚኖር ሰው ወባን ያውቃል። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 ዲዲቲ ነፍሳትን የሚገድል መሆኑን አወቀ፤ ስለዚህም ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ ዲዲቲ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ ኖሯል፤ ትንኝን በመግደሉም የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል።

ነገር ግን ዲዲቲ ከተረጨበት ስፍራ ቶሎ አይጠፋም። በአፈር ውስጥ እኩሌታው እስኪጠፋ ድረስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ከጭቃው ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ ሰው እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተደረገው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይውል ከለከለ፤ እንደ ወባ ያለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቀደ። በኋላም የአገራችን የወባ ትንኞች ስለ ለመዱት ለግድግዳ የሚረጨው በሌላ ተተካ።

ዛሬ በገበሬው እጅ ከሚገኙት፣ እንደ ማላታዮን ያሉት ከዲዲቲ ይልቅ ቶሎ ይፈርሳሉ። ሆኖም በአፍ ብቻ ሳይሆን በትንፋሽና በቆዳም ገብተው ነርቭን ይጎዳሉ። የሐሬ ወንዝ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ እርሻውን ካጠጣ በኋላ ወደ አባያ ይገባል፤ ቁልፎም ወደ ጫሞ ይፈስሳል። በነዚህ ወንዞች ዳር መርጫውን የሚያጥብ ሰው ቆሮሶውንና አምባዛውን የሚያወጣበትን ውሃ ይበክላል።

ከዚያች እናት ቤት ስመለስ የገዛ ቤቴን መረመርሁ። ከአልጋችን ሥር፣ ከእህሉ ጆንያ አጠገብ፣ የነቀዝ ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ያስቀመጥሁት እኔው ነበርሁ። ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ሊቀመጥም ሊሠራበትም አይገባም። በሌላው ለመፍረድ የሄድሁ ሰው በራሴ ላይ ፈርጄ አደርሁ።

እንግዲህ አባወራዎችና እመቤቶች የሚከተለውን እንዲጠብቁ አሳስባለሁ። መርዙ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ፣ ይልቁንም ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይገልበጥ፤ በላዩ ያለው ጽሑፍም አይነሣ። ከመኝታና ከማድቤት፣ ከእህልም ርቆ በተቈለፈ ሣጥን ይቀመጥ። በቤት ብርጭቆ ወይም ማንኪያ አይለካ። የሚረጨው ሰው እጁን፣ አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን፤ በነፋስ አንጻር አይቁም። የለበሰውም ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ዕቃው ባለቀ ጊዜ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ከድኖ መናጥ፣ እጣቢውንም ወደ መርጫው መልሶ በዚያው እርሻ ላይ መርጨት ይገባል። ይህን ሦስት ጊዜ ካደረጉ በኋላ ማንም ለውሃ ወይም ለዘይት እንዳይወስደው ዕቃውን መብሳት፣ ከዚያም ወደ ሸጠው ነጋዴ ወይም ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወስዶ መጠየቅ ነው። በቤት ማቃጠል ጢሱን ለልጆች ማጠጣት ነው፤ በጕድጓድ መቅበርም ከጕድጓድ ውሃ ጋር ማገናኘት ነው። የዚህ ነገር ክብደት ከሚከተለው ይታወቃል፤ በአገራችን መጋዘኖች ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ ከነበረው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1,000 ቶን በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በልዩ ምድጃ ተቃጥሏል።

ሰው በመርዙ ቢጎዳ፣ ማለት ላብና ምራቅ ቢበዛበት፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ዓይኑን ነክቶት እንደ ሆነ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ለማስታወክ መሞከር አይገባም። ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ የመርዙንም ዕቃ ከነጽሑፉ ለሐኪሙ ማሳየት ነው።

ያ ልጅ አሁን ውሃውን በሌላ ዕቃ ያመጣል። በእኔም ቤት በግቢው ዳር የቆመ አንድ ሣጥን አለ፤ ቍልፉ በባለቤቴ እጅ ነው። ታናሿ ልጃችን ፊደል ቈጥራ ስትጨርስ በራስዋ እንድታነበው በላዩ በትልቅ ጽሕፈት «መርዝ» ብዬ ጽፌበታለሁ።