ስለ ጣና ባሕር ውሃና በላስቲክ ውስጥ ስላለው ማለስለሻ

የጣና ባሕር ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ መሆኑ የታወቀ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። እንደ ገበታ የተዘረጋ ውሃ በመሆኑ፥ ነፋስ በተነሣ ጊዜ በወለሉ ያለው ጭቃ ተነሥቶ ከውሃው ጋር ይደባለቃል። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወደ ባሕሩ ከሚገባው የወንዝ ውሃ የሚበዛውን ያመጣሉ፤ ከውሃውም ጋር በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ ይዘው ይወርዳሉ። ከዚህ በታች የተጻፈው፥ ከላስቲክ ዕቃ የሚወጣውና በዓይን የማይታየው ማለስለሻ ምን እንደሆነ፥ ወደ ባሕሩስ እንዳይወርድ ምን ማድረግ እንደሚገባ፥ የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ባለመሬቶችና የወረዳ ሹማምንት ያውቁት ዘንድ ነው።

ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀሪካንና ፌስታል የሚሠሩበት ፕላስቲክ በጠባዩ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ማለስለሻ አያሻውም። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ግን በራሱ ደረቅና ተሰባሪ ነው። በአሜሪካ አገር ዋልዶ ሴሞን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ይህን ደረቅ ነገር ከሚያለሰልስ ፈሳሽ ጋር በሙቀት አዋሕዶ እንደ ጎማ እንዲተጣጠፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የውሃ ማጠጫ ጎማ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፥ የወለልና የገበታ ላስቲክ፥ የዝናብ ልብስና ብዙው የላስቲክ ጫማ በዚሁ ብልሃት ይሠራል። ለዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ የኖሩት ማለስለሻዎች ፍታሌት ይባላሉ፤ ከእነርሱም መካከል እጅግ የታወቀው ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. ነው። መልኩ ቀለም የሌለው ዘይት ይመስላል። በሚተጣጠፍ ጎማ ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 30 እስከ 40 እጅ የሚሆነው ይኸው ማለስለሻ ሊሆን ይችላል።

የዚህም ነገር ጉዳቱ የሚመጣው፥ ማለስለሻው ከላስቲኩ ጋር ተደባልቆ እንጂ ተጣብቆ የማይኖር በመሆኑ ነው። ደረቅ ጠፍር በቅቤ ታሽቶ እንደሚለሰልስ፥ ነገር ግን ቅቤው ቆዳ እንደማይሆንና ፀሐይ በመታው ጊዜ ወዝቶ እንደሚወጣ፥ ማለስለሻውም እንዲሁ ነው። ሙቀት፥ ቅባትና የዘመን ርዝመት ያወጡታል። ብዙ ዓመት በፀሐይ የኖረ ጎማ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ያየ ሰው፥ ማለስለሻው ቀስ በቀስ እየለቀቀ መሄዱን አየ ማለት ነው። የለቀቀውም አይጠፋም፤ ወደ አፈሩ፥ ወደ ውሃው ወይም ወደ አየሩ ይገባል።

የጎንደር ከተማ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በቀሃና በትንሹ አንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ከከተማይቱ ቦይና ሸለቆ የሚወርደው ጎርፍ በእነዚህ ወንዞች ወደ መገጭ ይገባል፤ መገጭም በደንቢያ ሜዳ አልፎ ጣና ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕሩ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ በመስከረም ከገበያ አጥር ሥር የተጣለው አሮጌ ጎማና የሽቦ ልባስ በሚመጣው ክረምት ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። በሰሜን ጎንደር ከስሜን ተራራዎች ብዙው ውሃ ወደ ተከዜ የሚሄድ ሲሆን፥ ከጎንደር ዙሪያ ያለው የደጋ ውሃ ግን ወደ ጣና ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም አስቀድሞ የወረዳው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ሊያውቅ ይገባዋል።

ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. በንጹሕ ውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር አይሟሟም። የሚወደው ከደለልና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር መጣበቅን ነው። ከደጋ የታጠበ አፈር ጫኝ፥ ማለስለሻው ተጫኝ ሆነው አብረው ይወርዳሉ። አየር በበዛበት ውሃ ረቂቃን ነፍሳት በቀናት ወይም በሳምንታት ሊበሉትና ሊፈጩት ይችላሉ፤ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ግን ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ጣና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፥ የተቀበረው ጭቃ በነፋስ ተናውጦ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል መጠቃቱን ያየ ሰው፥ የደጋው አፈር ምን ያህል እንደሚጓዝ ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻውም።

ጉዳቱንም በተመለከተ፥ ፍታሌቶች በሰውነት ውስጥ እድገትንና መራባትን የሚያዝዙትን ሆርሞኖች ሥራ ያውካሉ። በወንድ አይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ገና በማሕፀን ሳሉ የመራቢያ አካላቸውን እድገት ማጉደላቸው ታውቋል፤ በዓሦችም ላይ የመራባትን ሥራ ማወካቸው ታይቷል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ለጊዜው፥ በ2005 ለዘለቄታው፥ አሜሪካም በ2008 ለሕፃናት መጫወቻ በሚሠራ ላስቲክ ውስጥ ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. ከመቶ 0.1 እጅ እንዳይበልጥ ከለከሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው በ1 ሊትር 8 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ1 ግራም ሚሊዮን እጅ 8 እጅ ማለት ነው። በ1 ኪሎ ጎማ ውስጥ ያለው 300 ግራም ማለስለሻ በስሌት 37 ሚሊዮን ሊትር ውሃን ከዚህ ወሰን ያደርሳል። ሁሉ በአንድ ጊዜ የማይወጣና ብዙው ከጭቃ ጋር የሚቀር ቢሆንም፥ የተጣለ ጎማ እንደ ተራ ቆሻሻ እንዳይቆጠር ይህ ስሌት ያስተምራል።

በጣና ወደ 15 የሚሆኑ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ መገጭም ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ነው። እንግዲህ የከተማው ጥራጊ የሚወርድበት ወራትና ዓሣው ለመራባት የሚወጣበት ወራት አንድ ነው። የፕላስቲክ ስብርባሪ በዓሣ ሆድ መግባቱም በአገር ውስጥ ተመርምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ በዝዋይ ሐይቅ በተደረገውና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በታተመው ጥናት፥ ከተመረመሩት ዓሦች ከመቶው 35ቱ በሆድ ዕቃቸው ስብርባሪ ተገኝቶባቸዋል። ከወለል ጭቃ የሚለቅሙት ዓሦችም ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ውጠው ተገኝተዋል።

በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ በጣና የታየው አስቀድሞ በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ነበር። በጥቂቱ ሳለ ስላልተነቀለ፥ ኋላ የደንቢያ ገበሬ ሥራውን ትቶ በእጁ ሲያወጣው ብዙ ዓመት ደከመ። እምቦጭ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ማለስለሻው ግን አይታይም። ከባሕሩ ከገባም በኋላ በእጅ የሚያወጣው ሰው አይገኝም። ስለዚህ መከላከያው በላይ፥ በከተማውና በማሳው ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ፌስታል ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። ይህ ቦይ እንዳይደፈን እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ፌስታል ቀረ ማለት ማለስለሻው ቀረ ማለት አይደለምና፥ ከዚህ በታች ያለው ሊፈጸም ይገባል።

1ኛ. ሰኔ ከመግባቱ አስቀድሞ የከተማው ቦይና የወንዙ ዳር ይጠረግ። አሮጌ ጎማ፥ የሽቦ ልባስ፥ የወለል ላስቲክና የላስቲክ ጫማ ከሌላው ጥራጊ ተለይቶ ጎርፍ በማይደርስበት ስፍራ ይከማች።

2ኛ. መዳቡን ለማውጣት ተብሎ የሽቦ ልባስ እንዳይቃጠል ይከልከል። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል የሚያቃጥል አሲድና ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያወጣልና።

3ኛ. በደንቢያና በፎገራ ውሃ በፓምፕ የሚስቡ ባለመሬቶች የተቀደደውን ጎማ ከማሳው ላይ ይልቀሙ፤ በማረሻም ከአፈር ጋር አይቅበሩት።

4ኛ. በመገጭ ተፋሰስ እርከንና ክትር ይሠራ፤ አፈሩን የያዘ ሰው ማለስለሻውንም ያዘ። በባሕሩ ዳር ያለው ደንገልና ፊላ ደለልን የሚያስቀር አጥር ስለሆነ፥ እስከ ውሃው አፋፍ አይታረስ።

5ኛ. ቅቤና ዘይት በሚተጣጠፍ ፒ.ቪ.ሲ. ዕቃ እንዳይቀመጥ ሕዝቡ ይመከር፤ ሸክላ፥ ቅልና ጠርሙስ ይሻላሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጎማ ወይም የወለል ላስቲክ ሲገዛ ፍታሌት የሌለበትን ይጠይቅ።

6ኛ. በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ካሉት የኬሚስትሪ መምህራን ጋር ተመካክሮ፥ ከከተማው በላይ፥ ከከተማው በታችና በመገጭ አፍ፥ ከክረምት በፊትና በኋላ ውሃና ጭቃ ይመርመር። ለምርመራ የሚወሰደው ሁሉ በጠርሙስ እንጂ በላስቲክ ዕቃ አይወሰድ፤ ዕቃው ራሱ ማለስለሻ ሊጨምርበት ይችላልና።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው በጊዜው መጀመርን ነው። ጎርፍ ከወረደ በኋላ የሚሰጥ ትእዛዝ ባሕሩን አያነጻውም። ከዝናብ በፊት ቦዩን ያስጠረገ ሹም፥ ማሳውን ያስለቀመ ባለመሬት ግን ለደንቢያ ዓሣ አጥማጅና ከባሕሩ ለሚጠጣ ሁሉ ባለውለታ ይሆናል።