ቁልቁለት ከመጀመር በፊት የፍሬን ጩኸት መንስኤን መለየት ይገባል

ኩታበር፡- ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚዘልቀውም ሆነ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በእነዚህ መንገዶች ለመስክ ሥራ የሚሰማሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች ደኅንነት በእጅጉ የተመሠረተው በፍሬናቸው ብቃት ላይ ነው። በመሆኑም ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚሰማ ጩኸት ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉዞ መቀጠል ተገቢ አይሆንም።

የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊቱን ወደ ጎማዎች ያስተላልፋል። በብዙዎቹ የመስክ ተሽከርካሪዎች የፊት ጎማ ላይ ሸራዎቹ የሚሽከረከረውን ዲስክ ከሁለት ወገን ጨምቀው ሲይዙ፣ በኋላ ጎማ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይይዛሉ። ጩኸቱ የሚፈጠረው ሸራው በሚይዘው ብረት ላይ በፍጥነት ሲርገበገብ ነው።

መንስኤውን ለመለየት ቀዳሚው ተግባር ድምጹ መቼ እንደሚሰማ ማስተዋል ነው። በውርጭ ወይም በጤዛ ያደረ ተሽከርካሪ ጠዋት ጮኾ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ መንስኤው በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት በመሆኑ አያሳስብም። በጠጠር መንገድ ላይ በድንገት የጀመረ የብረት ፍትጊያ ድምጽ በዲስኩና በአቧራ መከላከያው ቆርቆሮ መካከል ድንጋይ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ የጀመረ ፉጨት ደግሞ ሸራው በሙቀት ብዛት ገጽታው እንደ መስታወት መለስለሱን ይጠቁማል።

በሌላ በኩል አንዳንድ ሸራዎች ሲያልቁ ዲስኩን እየነካ የሚያፏጭ ትንሽ የብረት ምላስ ተበጅቶላቸዋል። ይህ ድምጽ ሸራ የመቀየሪያ ጊዜ መድረሱን የሚያሳውቅ በመሆኑ ዝም የሚያሰኘው አዲስ ሸራ ብቻ ነው። ፉጨቱ ወደ ሻካራ የብረት ፍትጊያ ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው ማለት ነው። ከዚህ ደረጃ ሲደርስ ሸራ በመቀየር ይጠናቀቅ የነበረው ጥገና ዲስኩንም ወደ መለወጥ ያመራል።

የፊት ጎማውን ፍሬን በቤት ለመፈተሽ ተሽከርካሪውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝና የኋላ ጎማዎችን በታኮ ማገድ ያስፈልጋል። የጎማው ዳዶዎች ጥቂት ከላሉ በኋላ ተሽከርካሪው በክሪክ ይነሳል፤ ሆኖም በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥሩ መግባት አደገኛ በመሆኑ ጠንካራ መደገፊያ ሊደረግለት ይገባል። የሸራው ውፍረት የጀርባ ብረቱን ሳይጨምር 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የግራውም የቀኙም ሸራ በአንድነት ይቀየራል። ውፍረቱ በቂ ሆኖ ገጽታው ብቻ ከለሰለሰ በውሃ አርጥቦ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማሸት፣ በጀርባ ብረቱ ላይም ሙቀት የሚቋቋም የፍሬን ግራሶ በጥቂቱ መቀባት ጩኸቱን ያስወግዳል። ሥራው ሲጠናቀቅ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥና በሜዳ ላይ በዝግታ መሞከር ግዴታ ነው። የኋላው ታምቡር ግን በርካታ ሞላዎች ያሉት በመሆኑ ለባለሙያ መተው ይመረጣል።

በሥራው ወቅት ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ግራሶ የሸራውን መያዣ ገጽ መንካት የለበትም። ጩኸት ለማጥፋት በሚል ሸራ ላይ ዘይት ማፍሰስ ፍሬኑን እንደማጥፋት ይቆጠራል። የፍሬን አቧራን በአፍ ወይም በአየር ግፊት መንፋትም አይገባም፤ አንዳንድ ሸራዎች ካንሰር የሚያስከትለው አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ወደ ታች ከወረደ፣ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ከሳበ ወይም የፍሬን ዘይት ከጎደለ የቤት ሙከራ ቀርቶ ወደ ጋራዥ መግባት ያስፈልጋል። ዶት 3 የተሰኘው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል፤ ፍሬንም እምቢ ይላል። ስለሆነም ቁልቁለት ሲወረድ በከባድ ማርሽ በመጓዝ ፍሬኑን ማሳረፍ ይመከራል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ይሁንና በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚያልቀውን ሸራ የሚያስተውለው ሹፌሩ ነው። በመሆኑም የሥራ ኃላፊዎች የመስክ ትዕዛዝ ከመፈረማቸው በፊት ስለ ፍሬኑ ሁኔታ ሹፌሩን ሊጠይቁ፣ ሹፌሩ “ፍሬኑ ይጮኻል” ሲልም ሥራን እንደማጓተት ሊቆጥሩት አይገባም። ለጥገና የሚውለው ግማሽ ቀን ቁልቁለት ላይ ከሚጠፋ ሕይወት ጋር አይነጻጸርም።