ነጩ ዓሣ በቀዩ ውሃ

ከዲላ ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ሐዋሳ ሐይቅ ይደርሳሉ። እዚያ ቆሮሶና አምባዛ አለ፤ ነጭ ዓሣ ግን የለም። ፊትዎን ወደ ምዕራብ ቢያዞሩ ደግሞ ከጌዴኦ ደጋ ግርጌ አባያ ተንጣሎ ያገኙታል። ነጭ ዓሣው ያለው እዚህ ነው። ሁለቱ ሐይቆች የአንድ ስምጥ ሸለቆ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ዝናቡ በበዛበት በጥንት ዘመን አባያና ጎረቤቱ ጫሞ ሐይቅ ሞልተው ወደ ደቡብ ይፈስሱ ነበር። ያን ጊዜ በጨው ባሕርና በቱርካና ሐይቅ በኩል ከዓባይ ተፋሰስ ጋር ተገናኝተዋል። ፈረንጆች ናይል ፐርች የሚሉት ነጭ ዓሣም የመጣው በዚያ የውሃ መንገድ ነው። ሐዋሳ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ እንግዳው እዚያ አልደረሰም።

የነጭ ዓሣን ግዝፈት በንጽጽር እንየው። በአሜሪካ ብዙ ዓሣ አጥማጅ የሚመኘው ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት የተያዘው ባለ ክብረ ወሰን ባስ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የእኛው ነጭ ዓሣ በበኩሉ እስከ 2 ሜትር ሊረዝም፣ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። የሁለቱ ዝምድና የራቀ ቢሆንም አደናቸው ይመሳሰላል። ድንጋይ ወይም የሰመጠ ግንድ ተገን አድርገው ያደፍጣሉ፤ ትንሽ ዓሣ ሲቀርብ አፋቸውን በድንገት በርግደው ውሃውን ከነታዳኙ ይምጉታል። ስለዚህ ነጭ ዓሣ የሚሻ ሰው መንጠቆውን የሚጥለው ሜዳው ውሃ መሐል ሳይሆን መደበቂያ ካለበት ጥግ ነው።

አባያን ያየ ሰው የሚገርመው የውሃው ቀለም ነው፤ ሸክላ የተበጠበጠበት ይመስላል። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና እና ሌሎች ወንዞች ከደጋው አፈር ያወርዱበታል። ሐይቁ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 13 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ደለሉን መልሶ ያማስለዋል። አፈሩን አጥብቆ የሚይዘው በዛፍ፣ በእንሰትና በቡና የተሸፈነ ተዳፋት ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም የሚታወቀው በዚሁ ነው።

እንዲህ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓሣው እንዴት ያድናል? አንደኛው መሣሪያው ዓይኑ ነው፤ ከበስተኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በድንግዝግዝ የተሻለ ያያል። ሁለተኛው በጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተሰመረችው ቀጭን መስመር ናት። በመስመሯ ውስጥ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት የውሃን ንቅናቄ ይሰማሉ፤ ዓሣው በአካሉ ያዳምጣል ማለት ይቻላል። ለቀይ ውሃ የሚያብረቀርቅ ብቻ ሳይሆን እየተወዛወዘ ውሃውን የሚያናውጥ ማባበያ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጊዜውም ነፋሱ ሳይነሣ፣ ገና ሲነጋ ነው።

ጀማሪ ግን ከነጭ ዓሣ አይጀምርም፤ መለማመጃው ቆሮሶ ነው። አፉ ትንሽ ስለሆነ አነስ ያለ መንጠቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ጥቂት ትል ወይም ሊጥ ይበቃል። ቋጠሮውን ቤት ቁጭ ብለው ይለማመዱ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠምጥሙ፤ ከዚያ ከዓይኑ አጠገብ በቀረችው ቀለበት አሾልከው ይሳቡ። ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት። ናይለን በደረቁ ሲሳብ በሰበቃ ይግላል፤ የጋለ ክር ደግሞ ዓሣው ሲታገል የሚበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ነው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ አባያ ላይ የሚወጣው አዞ ነው። ጉማሬም አለ። ውሃ ውስጥ ቆመው አያጥምዱ፤ ቄጠማ ውስጥ አይግቡ፤ ሐይቁን ከሚያውቅ የአካባቢው ታንኳ ቀዛፊ ጋር ይሂዱ። አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች፤ ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ስለ ፈቃድ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቀኑ ቀንቶዎት ያወጡት ዓሣ ትንሽ ከሆነ ይመልሱት። አምባዛ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ውጭ ጥቂት ይቆያል፤ ነጭ ዓሣ ግን ብዙ ኦክስጅን የሚሻ ስለሆነ ቶሎ ይሞታል። በደረቅ እጅም አይያዙት፤ ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋጉ ይገፈፋል። አፏ የታጨቀ ቆሮሶ ካጋጠመችዎትም አይጨምቋት፤ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን የምታሳድገው እዚያው አፏ ውስጥ ነው። እጅዎን አርጥበው፣ መንጠቆውን በቀስታ ነቅለው ይልቀቋት፤ የከርሞው ዓሣ ያለው እርስዋ አፍ ውስጥ ነው።