መልስ ያልሰጡት የሲሸልስ መሪ

ከ1977 እስከ 2004 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሸልስን የመሩት ፍራንስ-አልበርት ሬኔ ካለፉ ወዲህ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በሥልጣናቸው ዘመን የጠፉት ሰዎች ጉዳይ የአገሪቱን ሕዝብ ዛሬም ያከራክራል። ደጋፊዎቻቸው ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ሲጠቅሱ፣ የጠፉት ሰዎች ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ እሱም ወገኖቻቸው የት እንደደረሱ ነው።

ጥያቄው የተነሣበት ምድር ለዝምታ እንግዳ አልነበረም። ፈረንሳዮች በ1770 ባሪያዎችን ይዘው እስከሰፈሩበት ጊዜ ድረስ ቋሚ ነዋሪ ያልነበራቸው እነዚህ ደሴቶች፣ በ1814 ለብሪታንያ ከተላለፉ በኋላ፣ ቅኝ ገዢዎች የማይፈልጉትን ሰው አርቀው የሚያስቀምጡበት የግዞት ስፍራ ሆነዋል። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔህ ከ1900 እስከ 1924 እዚያ ኖረዋል፤ የቡጋንዳው ንጉሥ ምዋንጋ በ1903 በዚያው ሞተዋል፤ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በ1956 ወደዚያው ተግዘዋል። ባርነት በ1835 ቢሻርም፣ መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለቀረ፣ የቀድሞ ባሪያዎች ልጆች በኮኮናትና በቀረፋ እርሻዎች ላይ የቀን ሠራተኞች ሆነው ቀጠሉ።

በ1935 የተወለዱትና በለንደን ሕግ የተማሩት ሬኔ በ1964 ያቋቋሙት ፓርቲ ኃይሉን ያገኘው ከእነዚህ ሠራተኞች ብሶት ነበር። ተፎካካሪያቸው ጄምስ ማንቻም ከብሪታንያ ጋር መቆየትንና ቱሪዝምን ያስቀደሙ ሲሆን፣ ሰኔ 29 ቀን 1976 ነፃነት ሲታወጅ ማንቻም ፕሬዚዳንት፣ ሬኔ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በጥምረት መንግሥት መሠረቱ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 5 ቀን 1977፣ ማንቻም ለስብሰባ ለንደን ሳሉ የታጠቁ ሰዎች ሥልጣኑን ነጠቁና ሬኔን በመንበሩ አስቀመጡ፤ ሬኔ ግን ስለ ዕቅዱ አላውቅም ነበር ብለው ተናገሩ።

አዲሱ መንግሥት በ1979 በሕግ የአንድ ፓርቲ መንግሥት ሆነ። ነፃ ትምህርትና ሕክምና ተስፋፋ፤ ከፈረንሳይኛ ተነሥቶ በባሪያ ልጆች አፍ ያደገው ክሪዮል ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ የግዙፍ ኤሊዎች መኖሪያ የሆነው አልዳብራም በ1982 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ኅዳር 1981 ላይ ደግሞ ማይክ ሆር የተባለው ቅጥረኛ አዝማች ቢራ ጠጪ ማኅበርተኞች መስለው የተጓዙ ሰዎችን ይዞ መጣ፤ በአሻንጉሊት ሥር የደበቁት መሣሪያ በአየር ማረፊያው ፍተሻ ሲገለጥ ተኩስ ተከፈተ፣ ወራሪዎቹም የሕንድ አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ደርባን ሸሹ። ሥጋቱ የምር ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የዜጎች መታሰርና መጥፋት ሁሉ በዚሁ ሥጋት ስም ማመካኛ አገኘ። በስደት ይኖር የነበረው ተቃዋሚ ጀራርድ ሆሮ ኅዳር 1985 ለንደን ውስጥ በጥይት ሲገደል፣ ገዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ።

በ1991 የብዙ ፓርቲ ሥርዓት ተፈቀደ፤ ሬኔም በ1993፣ በ1998 እና በ2001 ምርጫ አሸንፈው በ2004 ሥልጣናቸውን ለምክትላቸው ለጄምስ ሚሼል አስረከቡ። ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት።

ስለ መፈንቅለ መንግሥቱና ስለ ተከታዩ በደል የሚመረምረው የእውነት፣ የዕርቅና የብሔራዊ አንድነት ኮሚሽን በ2018 በሕግ ተቋቋመ፤ ሬኔ ግን ምስክርነት መሰማት ሳይጀመር የካቲት 27 ቀን 2019 አረፉ። ትእዛዝ ማን እንደሰጠ ከማንም በላይ ሊናገር የሚችለው ሰው ስላልነበረ፣ ኮሚሽኑ የሠራው በተረፉ ሰዎች ትዝታ ላይ ተመሥርቶ ነው። የተሠራው ትምህርት ቤት ለጠፋው ልጅ ካሣ ሊሆን አይችልም፤ ቤተሰቦቹ የሚጠይቁት የመቃብሩን ቦታ ነውና፣ ይህን የመመለስ ግዴታ ከሬኔ ወደ ወራሾቹ መንግሥታት ተሻግሯል።