የውሻ ትውከት፤ መቼ በቤት ይጠበቃል? መቼስ ሐኪም ይጠራል?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀን የሚያድረው ይህ እንስሳ ግን ሲታመም ሕመሙን በቃል ሊነግረን ስለማይችል፣ ምልክቱን አይቶ መለየት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ዘወትር ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ትውከት ነው። ትውከት የበሽታ ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ውሻ ባስታወከ ቍጥር መደንገጥም፣ ሁልጊዜ «ይተወዋል» ብሎ ቸል ማለትም አይገባም።

ውሻ በተፈጥሮው ቶሎ የሚያስታውክ እንስሳ ነው። ከቆሻሻ መጣያ የለቀመው የተበላሸ ምግብ ወይም በችኰላ የዋጠው ፍርፋሪ ሊያስታውከው ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አስታውኮ ወዲያው እንደ ቀድሞው ጅራቱን የሚቈላና የሚጫወት ከሆነ በቤት መጠበቅ ይቻላል። ለዐዋቂ ውሻ ግማሽ ቀን ያህል ምግብ ከልክሎ ንጹሕ ውሃ ጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ከዚያም የተቀቀለ ሩዝና ጮማ የሌለው ሥጋ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ማብላት ይበቃል። ቡችላን ግን በረኃብ ማቈየት አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ከተመለከቱት አንዱ ሲታይ ግን ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ትውከቱ ሲደጋገምና ከአንድ ቀን ሲያልፍ፣ ወይም የጠጣው ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋ ሲል፤ ድዱ ከደረቀና ቈንጥጠው የለቀቁት ቈዳው ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል።

2ኛ/ ትውከቱ ደም ሲኖርበት ወይም የቡና አተላ ሲመስል፤ አተላ የሚመስለው በጨጓራ ውስጥ የቈየ ደም ሊሆን ይችላልና።

3ኛ/ ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስታወክ እየታገለ ምንም ሳይወጣው ሲቀር፤ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ተጠማዝዞ ይሆናል። ይህ በተለይ ትልልቅ ውሾችን በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይገድላል።

4ኛ/ ቡችላ እያስታወከ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሲይዘው፤ ፓርቮ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት አለው።

5ኛ/ የአይጥ መርዝ ወይም ሌላ መርዝ መብላቱ ሲጠረጠር፤ ወተት፣ ዘይት ወይም የጨው ውሃ በግድ መጋት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል፣ የመርዙን መጠቅለያ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ይሻላል። ኢቡፕሮፌንን የመሰለ የሰው መድኃኒትም ለውሻ መርዝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን ለቤተ ሰቡም የሚያሠጋው ነው። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ድምፁም የተለወጠ ውሻ የሚያስታውክ ወይም አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ ባለቤቱም አዝኖ አጥንቱን ሊያወጣ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ይህ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታውም ቫይረስ በምራቁ ውስጥ ነው። ስለዚህ እጅን ሰብስቦ፣ ውሻውን ሳይጠጉ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ እንዲዘጋ አድርጎ ሐኪም መጥራት ነው።

የተነከሰ ወይም ምራቁ በቍስሉ ላይ ያረፈበት ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሰው ላይ የጀመረው የመከላከያ ክትባት፣ ዛሬ ተሻሽሎ በጊዜው ሲሰጥ ሕይወትን ያድናል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን ከሞት የሚያስጥል አስተማማኝ መድኃኒት የለም። በሥራሥርና በቅጠል ሲሞክሩ የሚያልፈው ቀን የማይመለስ ቀን ነው።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ የታመመ ውሻ እንዳይነኩ አስተምሯቸው። የተነከሱም እንደ ሆነ የወላጅን ቍጣ ፈርተው እንዳይደብቁ ደጋግማችሁ ምከሯቸው። የውሻ ባለቤትም ውሻውን በወቅቱ ማስከተብ የራሱንም የጎረቤቱንም ልጆች መጠበቅ መሆኑን አይዘንጋ።